ኦርጋኒክ ማፕስ በመንዝ ገደል አፋፍ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ፍርዴን ላስቀድም። ይህ የስልክ ካርታ «ያለኸው እዚህ ነው» ሲልህ እመነው። «በዚህ ውረድ» ሲልህ ግን እረኛ ጠይቅ።

ሥራዬ እንግዳ ይዞ መዞር ነው። መነሻዬ ደብረ ብርሃን ናት። ከዚያ ወደ ጓሳ፣ ወደ አንኮበር፣ ወደ ወፍ ዋሻ ደን እንሄዳለን። የሚመጡት ሰዎች አዳኞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የያዙት ግን ካሜራ ነው። ጓሳ ላይ አውሬ መግደል ክልክል ነው። አብዛኞቹ የሚፈልጉት ደግሞ ቀይ ቀበሮን ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፣ ያለውም እኛ አገር ብቻ ነው። አካሄዱ ግን ያው የአዳኝ ነው። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለህ፣ ነፋሱን በፊትህ ትቀበላለህ፣ ዱካ ታያለህ፣ ከመንገድ ትወጣለህ። ከመንገድ ስትወጣ ነው እንግዲህ የካርታው ነገር የሚመጣው።

ጉግል ማፕስን ያልሞከረ የለም፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። ከተማ ውስጥ የሚስተካከለው የለም። ካርታውን አስቀድሞ ማውረድም ይቻላል። ችግሩ ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ እንጂ የእግር መንገድ አይመራም። በእኛ በኩል ደግሞ ዳታ አይታመንም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደጠፋ የክልሉ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ኔትወርክ አለ በሚባልበት ጊዜ እንኳ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ስትሄድ መንገድ ላይ ይመጣል ይሄዳል።

ኦርጋኒክ ማፕስ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የተወለደው ማፕስ ሚ ከሚባል ሌላ የካርታ አፕ ነው። በነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የአገሩን ካርታ አንዴ ካወረድክ በኋላ ያለ ዳታ ይሠራል። ካርታው የተወሰደው በጎ ፈቃደኞች ከሚሥሉት ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ኦስማንድ የሚባለውንም ጭኜ አየሁት። ብዙ ነገር ይችላል፣ ግን የምርጫው ብዛት! በብርድ የደነዘዘ ጣት ይዘህ በምናሌ ውስጥ የምትጠፋበት አፕ ለገደል አፋፍ አይሆንም። ነጻው ቅጂ የምታወርዳቸውን ካርታዎች ቁጥርም ይገድባል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልበል፣ ሁሌም ስለምጠየቅ። ጂፒኤስ ካርድ አይበላም። ስልኩ ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይት ምንም አይልክም። ሲም የሌለው ስልክም ይሠራል። ዳታ ከሌለ ግን መጀመሪያ ያለህበትን እስኪያገኝ ይዘገያል፤ ሳተላይቶቹ ያሉበትን ቦታ ከኢንተርኔት በመውሰድ ፈንታ ከራሳቸው መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ሜዳ ላይ ቆመህ ክፈተው፣ ሰማያዊዋ ነጥብ ረግታ እስክትቀመጥ ታገስ፣ ከዚያ ተንቀሳቀስ። ሰማዩ ክፍት ከሆነ ከጥቂት ሜትር በላይ አይስትም። ጓሳ ላይ ጎበዝ ነው። ወፍ ዋሻ ውስጥ ጽዱና ዝግባው ሲጋርደው፣ ከገደል ሥር ስትሆን ደግሞ ሰማዩ በግማሽ ሲሸፈን፣ ነጥቧ ትዘላለች። ነጥቧ ስትዘል ቆም ብለህ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ገደሉ።

የሰሜን ሸዋን መሬት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሜዳው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ድንገት ያልቃል። ከሥር ቆላው ነው። ካርታ ላይ በጣትህ ስትለካው ከአንኮበር አልዩ አምባ እዚህ ጋ ነው። በእግር ሲሆን ጉልበትህ ይነግርሃል። አፑ የሚሰጠውን የሰዓት ግምት እንግዳ ፊት አላነብም። በምትኩ ተራራ ወጪዎች ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙበት ስሌት አለ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ 1 ሰዓት። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከባሕር ጠረፍ ለመጣ ሰው ለትንፋሽ ደግሞ ጨምርበት።

ኦርጋኒክ ማፕስ የከፍታ መስመሮችን ያሳያል፤ ይህን ማብራት ግድ ነው። መስመሮቹ ተጠጋግተው ከታዩህ ገደል ነው። ግን እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። መስመሮቹ የተሠሩት ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ምድርን በራዳር ስትለካ ከሰበሰበችው መረጃ ነው። ያ ልኬት በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር ነው። በሁለት ቁጥሮች መካከል ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ግድግዳ ካለ ካርታው ላይ ለስላሳ ቁልቁለት ሆኖ ይወጣል። ሃያ ሜትር ገደል ለመረጃው ምንም አይደለም። ለሰው ግን ሞት ነው።

የነጠብጣብ መስመሮቹም ጉዳይ አለ። «የእግር መንገድ» ማለት ናቸው። አብዛኞቹን የሣለው ሰው ሩቅ ተቀምጦ የሳተላይት ፎቶ እያየ ነው። ከላይ ሲያዩት መንገድ የሚመስል ነገር የፍየል ዱካ ሊሆን ይችላል፣ በክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ቦይም ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ከመዘዞ ወዲያ ካሉ መንደሮች በአንዱ፣ በግ የሚጠብቁ አዛውንት ስልኬን አሳየኋቸው።

«አባባ፣ ይሄ መንገድ ታች ድረስ ያወርዳል?»

ስልኩን ሳይሆን ገደሉን አዩ። «ያወርዳል እንጂ፣ ልጄ። ጭላዳ ሲወርድበት አያለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ሰው ወርዶበታል ካልተባለ በቀር ነጠብጣብ አይቼ እንግዳ አላወርድም። እሳቸው በጃቸው ያመለከቱኝን መውረጃ ግን ፒን (የቦታ ምልክት) አድርጌ ካርታው ላይ አስቀመጥኩት፤ ዛሬ በካርታዬ ላይ ካሉት ሁሉ የሚጠቅመኝ እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ከወራት በኋላ የስልኬ ካርታ ጥሩ የሆነው አፑ ስለተሻሻለ አይደለም። ምንጩ፣ የበጋ ውኃ የሚገኝበት፣ ውሻ የሚያስቸግርበት በር፣ ከነፋስ የሚያስጠልል ቋጥኝ፣ ሁሉንም ጠይቄ ስለሞላሁበት ነው።

ፒን ሲነሳ ግን አደራ የምለው አለ። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ሎኬሽን በቴሌግራም አይላክም። ከጥቅምት ጀምሮ ግልገል የሚጣልበት ጊዜ ነው፤ ሰው ሲበዛባት እናት ግልገሎቿን አንጠልጥላ ትሰደዳለች። የስልክ ፎቶም ሎኬሽን ይዞ ስለሚሄድ ከካሜራው ማስተካከያ ገብታችሁ አጥፉት። እንግዶቼን ከመኪና ሳንወርድ አስጠፋቸዋለሁ። ጓሳን የመንዝ ሰው በቀሮ ሥርዓት ሣሩን እየከለለ፣ ማጨጃውን ጊዜ እየወሰነ ለዘመናት የጠበቀው ነው። እዚያ ለመግባት ፈቃድ የሚሰጠው ስልክ አይደለም፣ የአካባቢው ጠባቂ ነው።

አፑ በእውነት ዋጋውን የሚያወጣው በጉም ነው። ከቆላው በኩል ሽቅብ ይነሳና አፋፉን ይውጠዋል። የጓሳ ሣሩና ጅብራው አንድ ዓይነት ይሆንብሃል፤ ምሥራቅ የት ነው፣ ገደሉ የት ነው፣ አይታወቅም። ስነሳ ጉዞውን እንዲመዘግብ አደርገዋለሁ፤ ጉም ሲመጣ የመጣሁበትን መስመር ተከትዬ እመለሳለሁ። አቋራጭ የለም። ኮምፓሱን ግን በጣም አትመኑት፣ በተለይ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ካላችሁ። ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ነጥቧ ወደየት እንደተንቀሳቀሰች ማየት ይሻላል።

ባትሪው ላይ ብዙ አልልም። ውርጭ ይገድለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት በውጭ ኪስ የያዝከው ስልክ ግማሽ እያለው ይጠፋል፤ ከጋቢው ሥር፣ ከገላህ አጠገብ አድርገው። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ቢሆንም ጂፒኤሱ ይሠራል፣ ስለዚህ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪ አይጨርስ። ፓወር ባንኩም አብሮ ይሙቅ። ዝናብ ላይ ደግሞ ስክሪኑ በእርጥብ ጣት አይታዘዝም፤ ለዚህ መፍትሔ አላገኘሁለትም።

ፍለጋው ደካማ ነው። አንዱ ቦታ በአማርኛ ተጽፏል፣ ሌላው በላቲን ብቻ፣ ያውም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ። ስም ከመፈለግ በጣት እየገፉ ማግኘት ይቀላል። ከድሮው የ1፡50,000 የወረቀት ካርታ የቦታ መለያ ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ገልብጦ የሚያስገባ ካለ ደግሞ ይወቅ፦ ያ ካርታ አዲንዳን በሚባል፣ ስልኩ ከሚጠቀምበት በተለየ የመለኪያ መነሻ የተሠራ ስለሆነ ስልኩ ላይ 200 ሜትር ያህል ይስታል። ሜዳ ላይ ችግር የለውም። አፋፍ ላይ ግን አስቡት።

ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር ባለው አስፋልት አሁንም ጉግልን ነው የምከፍተው። ጣርማበር ላይ መኪናው ወደ መንዝ ሲታጠፍ እዘጋውና ሌላውን እከፍታለሁ።