ትራይ-ኤክስ 400፦ ዛሬም የሚገዛ ጥቁርና ነጭ ፊልም

ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1954 በ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል ለገበያ ያቀረበው ትራይ-ኤክስ፣ የኩባንያው መሐንዲስ ስቲቭ ሳሶን በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ከሠራ በኋላም ሆነ ኩባንያው በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ከጠየቀ በኋላ ከገበያ አልጠፋም። በመስኮት ብርሃን የተነሣ ፊት በዚህ ፊልም ሲታተም ጥላው ድፍን ብሎ አይጠቁርም፤ ከዓይን ሥር ያለው የቆዳ መስመር ሳይቀር በቅንጣቶቹ (በፊልም ምስል ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ በሚታዩት ነጥቦች) መካከል ለስለስ ብሎ ይታያል፤ ይህን ውበት በዲጂታል ምስል ላይ በሶፍትዌር የሚጨመር ቅንጣት እስካሁን አልተካልኝም። የብርሃን ልኬቱ ጥቂት ቢዛነፍም ምስሉ አይበላሽም፤ ብርሃን ሲያንስ ደግሞ በካሜራው ላይ የብርሃን ትብነቱን (ISO) ከፊልሙ 400 ወደ 1600 ከፍ አድርጎ አንሥቶ የእጥበቱን ጊዜ ማራዘም ይቻላል። ቅሬታዬ በዋጋው ላይ ነው፤ 36 ፎቶ ብቻ ለሚያነሣ ጥቅል፣ የማጠቢያና የማሳተሚያ ሒሳብ ሲታከልበት፣ ወጪው ይከብዳል፤ ፊልም የሚያጥብ ባለሙያ ማግኘትም አስቸጋሪ ሆኗል። ቢሆንም የሰው ፊት ለሚያነሣ፣ በተለይም ኔጋቲቩን ለልጆቹ ማቆየት ለሚፈልግ፣ ያለ ማመንታት እንዲገዛው እመክራለሁ።