ከአምስቱ ቀን ሦስተኛው፦ ለወረዳ ኃላፊዎች የሚሸጠው የአመራር፣ የሰው ሀብትና የበጀት ስልጠና ሲፈተሽ

የአሰልጣኙን ድርጅት ስም አናነሳም። አንዱን ማኑዋል ሽፋኑን እየቀያየሩ የሚሸጡ አማካሪዎች ብዙ ስለሆኑ ግምገማው ለአብዛኞቹ ይሠራል። የሚሸጠው የአምስት ቀን ስልጠና ነው፤ ለወረዳ ሴክተር ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለዕቅድና በጀት ባለሙያዎች እና ለሰው ሀብት አስተዳደር ቡድን መሪዎች፣ በአንድ ዙር 30 ሰው። ቦታው እንደተለመደው አዳማ፣ የሆቴል አዳራሽ። ሁለት ቀን አመራር፣ አንድ ቀን በጀት፣ አንድ ቀን የሰው ሀብት፣ የመጨረሻው ቀን ሪፖርትና የበጀት ዓመት መዝጊያ። የቀኑ ድልድል ራሱ ችግሩን ይናገራል።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው። ውሉ ላይ የሚነበበው የስልጠናው ክፍያ ብቻ ነው፤ እሱ በበጀት መደብ ቁጥር 6271 ላይ፣ የአገር ውስጥ ስልጠና በሚባለው ያርፋል። ጽሕፈት ቤቱን የሚጎዳው ግን ሌላው ነው። 30 ሰው ከነመሄጃና መመለሻው ለ7 ቀን ሲወጣ 210 የአበል ቀን ይሆናል፣ እሱ 6231 ነው፤ ትራንስፖርቱ ደግሞ 6232። ሁለት አሰልጣኞችን ወረዳው ድረስ አምጥቶ የሰባት ቀን አበልና ማረፊያ መሸፈን 14 የአበል ቀን ብቻ ይፈጃል። ድርጅቱ ሲጠየቅ ወረዳ ድረስ ይመጣል፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አልተጻፈም። ሰልጣኙ አዳማን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው፣ እዚያ ላይ ክርክር የለንም።

የአመራሩ ሁለት ቀን ቶሎ ያልፋል። የአመራር ዘይቤዎች፣ ከአሜሪካ የመጣው ፖስድኮርብ (ከዕቅድ እስከ በጀት ያሉ የአመራር ተግባራት ምህፃረ ቃል)፣ ከዚያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሞከሩት የለውጥ ፕሮግራሞች፦ ቢፒአር (የሥራ ሂደት ለውጥ)፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ምዘና)፣ ካይዘን፣ የለውጥ ሠራዊት፣ ዲሊቨሮሎጂ በተርታ። በአዳራሹ ከተቀመጡት ውስጥ አብዛኛው እነዚህን አንድ በአንድ በሥራ ላይ አሳልፏል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ለምን እንደተተካ ቢነገረው ይጠቀም ነበር፣ ስላይዱ ግን የእያንዳንዱን ትርጉም ደግሞ ያልፋል።

ከሁለቱ ቀናት አንድ ሰዓት ብቻ ቁም ነገር ወጥቶታል፤ ስለ ውክልና የተሰጠው። ኃላፊው ለስብሰባ ዞን ሲሄድ የክፍያ ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ይከርማል። በፑል፣ ማለትም የሴክተሮቹ ሂሳብ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በጋራ ተይዞ፣ የሚሠራ ወረዳ ውስጥ ቼኩን የሚፈርመው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ቢሆንም፣ ጥያቄው የሴክተሩ ኃላፊ ካልፈረመበት ፑሉ አይቀበለውም። ስለዚህ ውክልናው በቃል ወይም በስልክ አይሆንም። በደብዳቤ ይጻፋል፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና በምን ጉዳይ እንደሆነ ይለያል፣ የተወካዩ የፊርማ ናሙና ተያይዞ በግልባጭ ለፑሉ ይደርሳል። አሰልጣኙ የደብዳቤውን ናሙና ራሱ አምጥቷል፤ አራት መስመር ነው፣ ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ጥሩ ነው። ለዚህ ግን ሁለት ቀን አያስፈልግም።

ሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ያዘጋጀው ይመስላል። ጠዋቱ በበጀት አወጣጡ ዑደት ይጀምራል፦ የክልሉ ጥቅል ድጋፍ ለወረዳው እስኪታወቅ፣ የበጀት ጣሪያው ለሴክተሮች እስኪከፋፈል፣ የወረዳው ምክር ቤት እስኪያጸድቅ፣ ከዚያም ሐምሌ 1 ዓመቱ እስኪገባ። ይህ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ቀጥሎ በየጠረጴዛው አንዳንድ ትልቅ ወረቀት ይዘረጋል። ርእሱ «የሥራ መደብና የደመወዝ በጀት ማወራረጃ» ነው። ዘጠኝ ዓምድ አለው፦ የመደቡ መለያ ቁጥር፣ መጠሪያው፣ ደረጃው፣ በመደቡ ላይ ያለው ሰው፣ ጥቅል ደመወዙ፣ የትውልድ ዘመኑ፣ በዓመቱ የሚከፈልበት ወር ብዛት፣ 6111 (ደመወዝ)፣ 6131 (የመንግሥት የጡረታ መዋጮ)። ዋናው ነገር ሰባተኛው ዓምድ ነው፣ የወሩ ብዛት።

መልመጃው እንዲህ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በመዋቅሩ 14 መደብ አለው፤ 11ዱ ተይዘዋል፣ 3ቱ ክፍት ናቸው። ኃላፊው ከሦስቱ ሁለቱን ሊያስቀጥር ይፈልጋል፣ የእያንዳንዳቸው ጥቅል ደመወዝ ለስሌት 9,000 ብር ተይዟል። ብዙው ጠረጴዛ ወዲያው በ12 ያባዛል፤ 216,000 ብር ደመወዝ፣ 23,760 ብር የመንግሥት ጡረታ መዋጮ፣ ድምሩ 239,760። አሰልጣኙ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ሰውየው ሥራ የሚጀምረው መቼ ነው?» በጀቱ ከሐምሌ 1 ቢጀምርም ማስታወቂያው፣ ምዝገባው፣ ፈተናው፣ የቅሬታው ጊዜና የምደባ ደብዳቤው አሉ። ፈጠነ ቢባል ኅዳር 1 ነው። ከኅዳር እስከ ሰኔ 8 ወር። ለሁለቱ 144,000 ብር፣ 11 በመቶው 15,840 ብር፣ ድምሩ 159,840። ልዩነቱ 79,920 ብር ነው፤ ለሥራ ማስኬጃ ሊመደብ ይችል የነበረ፣ በደመወዝ ስም ታስሮ ሰኔ 30 ላይ ሥራ ላይ ሳይውል የሚገኝ ብር።

እዚያው ወረቀት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ከ11ዱ አንዷ ባለሙያ ጥር 30 ቀን 60 ዓመት ይሞላቸዋል፤ ደመወዛቸው 12,000 ብር። ከሐምሌ እስከ ጥር ያለው 7 ወር ነው። በ12 ወር የያዘ ሰው 60,000 ብር ደመወዝና 6,600 ብር መዋጮ በትርፍ ይዟል። የትውልድ ዘመን ዓምድ የገባው ለዚህ ነው። ይህን የሚያውቀው የሰው ሀብት ክፍሉ ነው፣ በጀቱን የሚሞላው ግን የዕቅድ ባለሙያው፤ ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ካልተቀመጡ ስህተቱ በየዓመቱ ይደገማል። የጡረታ ፋይሉ ቀድሞ ተጣርቶ እንዲላክ የሚያስታውሰውም ይኸው ዓምድ ነው፤ ፋይሉ ላይ የትውልድ ዘመኑ በሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ የሚያደናቅፈው የበጀት ስሌቱን ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ስህተት የመዋጮው ነው። ጡረታ 18 በመቶ ነው ሲባል የሰሙ ሰዎች ደመወዙ ላይ 18 በመቶ ይጨምራሉ። ከ18ቱ 7ቱ ከሠራተኛው ጥቅል ደመወዝ ላይ የሚቀነስ ስለሆነ 6111 ውስጥ ገብቷል። 6131 ላይ የሚያዘው የመንግሥት 11 በመቶ ብቻ ነው። በምሳሌው ስህተቱ 10,080 ብር ያበልጣል። ተቃራኒውን የሚሠሩም አሉ፤ ከፔሮሉ የተጣራ ተከፋዩን ዓምድ ገልብጠው በጀት ይይዛሉ፣ ግብሩና 7 በመቶው ይጎድልባቸዋል፣ ግንቦት ላይ ደመወዝ አልቋል ይባላል።

ከሰዓት በኋላ ያለው መልመጃ የሥራ ማስኬጃ ነው፤ የአመራር ትምህርት ካለ እሱ እዚህ ነው። 22 ቀበሌ ያለው ወረዳ በየሩብ ዓመቱ ሁሉንም ቀበሌ በሁለት ባለሙያ ለአንድ ቀን ይደግፋል። 22 በ4 በ2፣ 176 የአበል ቀን። በቀን 400 ብር ቢታሰብ 70,400 ብር። ደርሶ መልሱ በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ መንገዱ በዓመት 3,520 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 503 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ በሊትር 30 የሚሄድ ሞተር ሳይክል ግን 117። ነዳጁ 6217፣ ጥገናው 6241። ከዚያ የጣሪያው ደብዳቤ ይመጣል፤ ለአበል የተሰጠው 35,200 ብር ብቻ ነው።

ጠረጴዛዎቹ ሁለት መንገድ ይይዛሉ። አንዳንዱ አበሉን ግማሽ ቀን ያደርገዋል፤ እንዲህ ሲሆን ባለሙያው ቀበሌው ጋ ደርሶ ፊርማ ሰብስቦ ይመለሳል። ሌላው 22ቱንም ይዞ ወደ ሁለት ሩብ ዓመት ያወርዳል። አሰልጣኙ ሦስተኛውን ያሳያል፦ ቀበሌዎቹን ባለፈው ዓመት አፈጻጸማቸው መድቦ ደካሞቹን 7 በየሩብ ዓመቱ፣ የቀሩትን 15 በዓመት አንዴ። 28 እና 15፣ 43 ጉብኝት ይሆናል፤ በሁለት ሰው 86 የአበል ቀን፣ 34,400 ብር። 800 ብር ተርፎ ጣሪያው ውስጥ ገባ። የትኛው ቀበሌ በየትኛው ምድብ እንደሚሆን መወሰንና ለካቢኔ ማስረዳት ደግሞ የባለሙያው ሥራ አይደለም፣ የኃላፊው ነው። በሁለቱ የአመራር ቀናት ያልተነገረው ይህ ነበር።

የጎደለው የበጀት ዝውውር ነው። ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ማዞር በፌዴራል ደረጃ እንደማይፈቀድ ተነግሮ ታለፈ፤ ከአንዱ የመደበኛ በጀት መደብ ወደ ሌላው ሲዞር ግን ማን እንደሚፈቅድ፣ ምን ቅጽ እንደሚሞላ፣ አይቤክስ (የመንግሥት የበጀትና የሂሳብ ሶፍትዌር) ላይ ሳይመዘገብ ግዥ ቢፈጸም ምን እንደሚከተል አልተሠራበትም። የወረዳ ኃላፊ ከጥር በኋላ በብዛት የሚገጥመው እሱ ነው። በክልሎች መመሪያው ስለሚለያይ አሰልጣኙ የመጣበትን ወረዳ መመሪያ ቀድሞ ማንበብ ነበረበት።

አራተኛው ቀን ወደ ታች ይወርዳል። ስላይዱ በ2010 ዓ.ም. የወጣውን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ይዞ ነው የመጣው፤ ያ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1353 ተተክቷል። ከዚያ በላይ ሁለቱም የፌዴራል ናቸው፣ የወረዳ ሠራተኛ የሚተዳደረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። ይህን ስህተት ከሰልጣኞች አንዱ አንስቶት «መንፈሱ አንድ ነው» ተብሎ ታለፈ። መንፈሱ አንድ ቢሆንም አስተዳደር ፍርድ ቤት የሚጠየቀው አንቀጹ ነው።

የዲሲፕሊን መልመጃው ራሱ መጥፎ አልነበረም። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ፋይል ይሰጣል፤ ሰልጣኙ የጎደለውን ይፈልጋል። ክሱ በጽሑፍ አልደረሰውም፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የኮሚቴው አንድ አባል አልፈረመም፣ የስንብት ደብዳቤው ከኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ በፊት ባለው ቀን ተጽፏል። ሠራተኛው ይግባኝ ብሎ ከ14 ወር በኋላ ወደ ሥራው ከነውዝፍ ደመወዙ ይመለስ ተባለ። መልመጃው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ማብቃት አልነበረበትም። ደመወዙ 9,000 ብር ከሆነ ውዝፉ 126,000 ብር ነው፣ 11 በመቶው 13,860 ብር። መደቡ ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሮበት ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ መደብ። ይህ ብር በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ አልነበረም፤ ተጨማሪ በጀት ይጠየቅበታል ወይም ከሥራ ማስኬጃው ይወጣል። የትናንቱ ወረቀት ገና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ማንም አላመለከተውም። በጀቱንና የሰው ሀብቱን ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎች ሲያሰለጥኑ እንዲህ ይሆናል።

አምስተኛው ቀን ግማሹ የድርጊት መርሐ ግብር ማዘጋጀትና የምስክር ወረቀት ነው። ስለ ሰኔው ሩጫ የተሰጠው ምክር ግን ይያዛል፦ ዕቃው በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ማድረጊያ ቅጽ) ገቢ ሳይሆን ክፍያ እንዳይጠየቅ፣ በግንቦት መጀመሪያ ያልተጀመረ ግዥ እንዲሰረዝ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት እንዲያዝ፣ የችሮታ ጊዜ (ዓመቱ ካለቀ በኋላ ለክፍያ የሚሰጠው) ደግሞ እስከ ሰኔ 30 ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ለተገኘበት ክፍያ እንጂ ለአዲስ ግዥ እንዳልሆነ።

ለማን ይበጃል? አዲስ ለተሾመ ኃላፊ ሦስተኛው ቀንና የውክልናው ሰዓት ያወጣሉ። ሁለት በጀት ዓመት ለሠራ ሰው ሦስተኛው ቀን ብቻ። ውል ከመፈረሙ በፊት አመራሩን ወደ ግማሽ ቀን አውርዱ፣ በጀቱን ሁለት ቀን አድርጉ፣ የሰው ሀብቱን በክልላችሁ አዋጅና በራሳችሁ መዋቅር አስተካክሉ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ድርጅቱ ይደራደራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መጨረሻ ላይ በፍላሽ የሚታደለው የኤክሴል ፋይል ከግድግዳው ወረቀት ጋር አንድ አይደለም። የወር ብዛት ዓምዱ ተዘሏል፣ 6111 ላይ ያለው ቀመር ጥቅል ደመወዙን በ12 ያባዛል፤ ማለትም በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስህተት ነው የተባለውን ስህተት ይሠራል። ፋይሉን ከመጠቀም በፊት ከትውልድ ዘመን ቀጥሎ አንድ ዓምድ ማስገባት፣ ወሩን ለእያንዳንዱ መደብ በእጅ መሙላት፣ ቀመሩ ውስጥ 12 ያለበትን በዚያ ዓምድ መተካት፣ ከዚያ እስከ 14ኛው መደብ ረድፍ ድረስ ወደ ታች መጎተት። ክፍት ሆኖ ለሚቆየው መደብ 0 ይጻፋል፤ ባዶ አይተውም፣ የተረሳ ይመስላልና።