ቤተሰብ የሚይዝ ካራቫን ከመብራትና ከውሃ መስመር ርቆ እንዲያድር ሲዘጋጅ፦ ምኑ ከምኑ ይሻላል?

አብዛኛው የቤተሰብ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ከፋብሪካ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ የውሃ ቧንቧና የቆሻሻ ማስወገጃ ባለበት የካምፕ ቦታ እንዲያድር ታስቦ ነው። ከእነዚህ አገልግሎቶች ርቆ ጥቂት ቀናት ለመሰንበት የሚፈልግ ቤተሰብ ካራቫኑን ማሻሻል ግድ ይሆንበታል፤ ገበያ ሲወጣ ደግሞ ቀድሞ የሚቀርብለት ባትሪና ሶላር ነው። በእኔ ግምት ግን ንጽጽሩ ከሁለት ጥያቄዎች መነሣት አለበት። ቆይታው ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ምንድን ነው? ካራቫኑስ ስንት ኪሎ ተጨማሪ እንዲሸከም ይፈቀድለታል? ለአራት ሰው ቤተሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ መብራት ሳይሆን ውሃ ነው፤ ካልሆነም የመጸዳጃው ማጠራቀሚያ መሙላት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በካራቫኑ ላይ ከተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ይመለሳል። በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት የካራቫኑ ባዶ ክብደት ሲቀነስ የሚገኘው ልዩነት፣ በብዙ የቤተሰብ ካራቫኖች ላይ ጥቂት መቶ ኪሎ ብቻ ነው። ውሃ፣ ጋዝ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ የልጆች ብስክሌትና ድንኳን የሚጫኑት ከዚያው ላይ ስለሆነ፣ ለማሻሻያው የሚገባው ዕቃ ሁሉ ሊነጻጸር የሚገባው በዋጋው ብቻ ሳይሆን በኪሎውም ጭምር ነው።

ከፍሪጁ መጀመር

የኤሌክትሪኩን ሥርዓት መጠን የሚወስነው ፍሪጁ ነው፤ ስለዚህ ባትሪ ከመግዛት በፊት ፍሪጁን መምረጥ ይቀድማል። ምርጫው በሁለት ዓይነቶች መካከል ነው። አንደኛው በጋዝ፣ በ12 ቮልትና በቤት ኤሌክትሪክ ተለዋውጦ የሚሠራው ባለ ሦስት ምንጭ ፍሪጅ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ12 ቮልት ብቻ የሚሠራው ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ ነው።

ባለ ሦስት ምንጩ የተመሠረተበት አሠራር በ1922 እ.ኤ.አ. ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ የስቶክሆልም ተማሪዎች የፈለሰፉት ነው። ሙቀት አሞኒያን ከውሃ እየለየ በቧንቧ ውስጥ ስለሚያዞረው የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ድምፅም አያሰማም። በጋዝ ሲሠራ በቀን ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ጋዝ ስለሚበቃው፣ 10 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ለእሱ ብቻ ቢውል ሦስት ሳምንት ገደማ ያስኬዳል። ከባትሪም የሚወስደው ለመቆጣጠሪያው የምትበቃ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ድክመቶቹ ግን ቀላል አይደሉም። ካራቫኑ ሲያዘነብል ፈሳሹ በትክክል ስለማይዘዋወር ማቀዝቀዙን ያቆማል፤ የውጭው ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ደግሞ ወተትና ሥጋ ለማቆየት ይቸገራል። በ12 ቮልት ሲሠራ ከ10 እስከ 14 አምፔር ያለማቋረጥ ስለሚጎትት፣ በአንድ ቀን 240 አምፔር-ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጨርሳል (አንድ አምፔር-ሰዓት ማለት አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲሳብ ከባትሪ የሚወጣው መጠን ነው)። ስለዚህ በ12 ቮልት መሥራቱ መኪናው እየጎተተ ባለበት ሰዓት ካልሆነ በቀር ለቆይታ የሚታሰብ አይደለም።

ባለ ኮምፕሬሰሩ ፍሪጅ እንደ መጠኑና እንደ አየሩ ሙቀት በቀን ከ30 እስከ 60 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል። መጠነኛ ማዘንበል አይበግረውም፤ በሙቀትም ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በጎን ግድግዳ ላይ የጋዝ ጭስ ማውጫ ስለማይፈልግ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳም ይቀንሳል። ሌሊት እየተነሣ የሚያንሾካሹከው ድምፁ እንቅልፉ ቀላል የሆነን ሰው ሊያስቸግር ይችላል። በሞቃት አካባቢና ባልተስተካከለ መሬት ላይ ለሚያድር ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ይህኛውን ነው። በቀዝቃዛ አገር፣ ጥላ በሚበዛበት ደን ውስጥ ለሚሰነብትና የጋዙ ፍሪጅ በደንብ ለሚሠራለት ግን መለወጡ ትርፍ ወጪ ነው፤ ፍሪጁን ትቶ ባትሪውን በመጠኑ ቢያሳድግ ይበቃዋል።

ባትሪ፦ ኤጂኤም ወይስ ሊቲየም?

ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ የያዘ የአራት ሰው ቤተሰብን ፍጆታ እንገምት። ለፍሪጁ 45፣ ለመብራት 5፣ ለውሃ ፓምፕ 3፣ ለስልክና ለታብሌት 10፣ ለማራገቢያ 12 አምፔር-ሰዓት ቢታሰብ፣ በቀን 75 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ፀሐይ ባይወጣ እንኳ ሁለት ቀን ለመቆየት 150 አምፔር-ሰዓት በእጅ መኖር አለበት።

ኤጂኤም የሚባለው የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከያዘው ግማሽ በላይ ባይወሰድበት ይመረጣል፤ ስለዚህ 150 ለመጠቀም 300 አምፔር-ሰዓት መግዛት ያስፈልጋል። ባለ 100ው አንዱ 29 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ሦስቱ ወደ 87 ኪሎ ይደርሳሉ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ደግሞ 80 በመቶውን ያለ ጉዳት ስለሚሰጥ 200 አምፔር-ሰዓት ይበቃል፤ ባለ 100ው 12 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሁለቱ 24 ኪሎ ናቸው። ልዩነቱ 63 ኪሎ ነው። ይህም ማለት ሊቲየም የመረጠ ቤተሰብ በዚያው የክብደት ልክ 60 ሊትር ውሃ ይጨምራል፤ በቁጠባ ለሚጠቀሙ አራት ሰዎች ይህ የሁለት ቀን ውሃ ነው። ሊቲየም ይሻላል የምለው በዋነኛነት ለዚህ ነው፤ ሻጮች የሚያነሡት የዕድሜው ርዝመት በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። እርግጥ ዕድሜውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፦ ኤጂኤም እስከ ግማሹ እየተራገፈ ጥቂት መቶ ጊዜ ሲሞላ፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከ2000 ጊዜ በላይ ይሞላል።

በሌላ በኩል ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ መሞላት የለበትም፤ ቢሞላ ውስጡ ይበላሻል። በበረዶ ወቅት የሚጓዝ ሰው ባትሪውን በካራቫኑ ውስጠኛ ክፍል ማስቀመጥ፣ ወይም ራሱን የሚያሞቅና በቅዝቃዜ መሙላትን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ያለው መግዛት አለበት። በካራቫኑ ውስጥ ቀድሞ የነበረው ቻርጀርም ለሊድ አሲድ ብቻ የተሠራ ከሆነ አብሮ ይለወጣል፤ ይህ ወጪ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚቀር ነው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚወጣና ባለ ሦስት ምንጭ ፍሪጁን ላስቀረ ቤተሰብ፣ አንድ ጥሩ ኤጂኤም አሁንም ምክንያታዊ ግዢ ነው።

ባትሪውን የሚሞላው

ከላይ የተገመተው 75 አምፔር-ሰዓት ወደ 960 ዋት-ሰዓት ነው። ጣሪያ ላይ በጠፍጣፋው የተገጠመ ባለ 100 ዋት ፓነል በጥሩ ፀሐይ በቀን ከ300 እስከ 400 ዋት-ሰዓት ስለሚሰጥ፣ 300 ዋት የበጋውን ፍላጎት ይሸፍናል። በደመና ቀን ግን ከዚህ ሩቡን ማግኘትም ሊከብድ ይችላል።

የጣሪያ ፓነል መኪናው ሲጓዝም ይሞላል፤ ተከላና ነቀላ የለውም፤ ሌባም በቀላሉ አያነሣውም። ችግሩ ልጆች የያዘ ቤተሰብ ካራቫኑን ዛፍ ሥር ማቆም መፈለጉ ነው፤ የዛፍ ቅርንጫፍ የፓነሉን ጥቂት ክፍል ብቻ ቢጋርደው እንኳ ምርቱ ከተጋረደው ክፍል መጠን በላይ ይወርዳል። ተጣጣፊውና ተንቀሳቃሹ ፓነል ካራቫኑ በጥላ እንዳለ እሱ ብቻ ወደ ፀሐይ ይዞራል፤ ነገር ግን ነፋስ ይገለብጠዋል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማዟዟርም ይፈልጋል። ከተቻለ 200 ዋት ጣሪያ ላይ፣ 100 ወይም 120 ዋት ደግሞ ተንቀሳቃሽ ማድረግ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመግዛት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ተንቀሳቃሽ ፓነል የሚገዛ ሰው ገመዱን ልብ ብሎ ይመልከት። 10 አምፔር በ10 ሜትር ርቀት በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ሲያልፍ ደርሶ መልሱ 1.5 ቮልት ያህል ይበላል፤ በ6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 0.6 ቮልት ብቻ ነው። የቻርጅ መቆጣጠሪያው (ከፓነሉ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚመጥነው መሣሪያ) ከፓነሉ ጀርባ የተለጠፈ ከሆነ ይህ ኪሳራ የሚቀነሰው ለባትሪው ከተመጠነው ቮልት ላይ ስለሆነ ባትሪው ሳይሞላ ይቀራል። መቆጣጠሪያው ባትሪው አጠገብ ሲሆን ግን የሚጎድለው ከፓነሉ ትርፍ ቮልት ላይ ነው። ከመቆጣጠሪያ ዓይነቶች ኤምፒፒቲ የሚባለው ይህን ትርፍ ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል፤ ፒደብሊውኤም ግን የፓነሉን ቮልት ወደ ባትሪው ልክ አውርዶ ቀሪውን ያባክነዋል።

ሁለተኛው ምንጭ መኪናው ራሱ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ዲናሞው ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቮልቱን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ በቀጥታ ሽቦ ማገናኘት የካራቫኑን ባትሪ አይሞላም፤ በመሐል የመኪናውን ቮልት ለካራቫኑ ባትሪ ወደሚስማማ ቮልት የሚቀይር፣ ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚባል ቻርጀር ያስፈልጋል። 25 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር በሦስት ሰዓት ጉዞ 75 አምፔር-ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ቀን ፍጆታ ይመልሳል። በየሁለት ቀኑ ቦታ የሚቀይር ቤተሰብ ከትልቅ ሶላር ይልቅ እዚህ ላይ ቢያወጣ ያዋጣዋል፤ አንድ ቦታ ለሳምንት የሚቀመጥ ግን ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ጄኔሬተር ደግሞ ለረጅም ደመና መጠባበቂያ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት ከመስኮትና ከበር ርቆ ካልሆነ መሥራት የለበትም።

ጋዝ ወይስ ኢንዳክሽን ምድጃ?

እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ወደ 12.8 ኪሎዋት-ሰዓት ኃይል ይይዛል፤ ይህም ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ከሚይዘው አሥር እጥፍ ነው። ምድጃው ከጋዙ ሙቀት ግማሽ ያህሉን ቢያባክን እንኳ ጋዝ በክብደት የሚወዳደረው የለም። 2000 ዋት ኢንዳክሽን (ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ) የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይር ኢንቨርተር ለማሠራት ከ12 ቮልት ባትሪ 170 አምፔር ገደማ መሳብ፣ ለዚያም የሚመጥን ወፍራም ገመድና ባትሪው አጠገብ የሚቀመጥ ፊውዝ ያስፈልጋል። በብርድ ቦታ ከቡቴን ይልቅ ፕሮፔን ይመረጥ፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነኑን ያቆማል። ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ያለው መውጫ ቀዳዳ አቧራ ለመከላከል ተብሎ እንዳይደፈን።

ውሃና መጸዳጃ

ለመጠጥ፣ ለምግብና ለአጭር መታጠብ በሰው በቀን 8 ሊትር ቢያዝ፣ አራት ሰው በቀን 32 ሊትር ይጨርሳል። ወለሉ ሥር የሚገጠም ተጨማሪ ታንከር ክብደቱን ዝቅ አድርጎ በአክስሉ አካባቢ ስለሚይዘው ጉዞው የተረጋጋ ይሆናል፤ ነገር ግን ለመሙላት ካራቫኑን ነቅሎ መጎተት ያስፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክብደቱ በመኪናው ላይ ስለሚጫን የካራቫኑን የጭነት ልክ አይነካም፤ ካራቫኑ ሳይንቀሳቀስም መኪናው ብቻ ሄዶ ይሞላዋል። የጭነት ልኩ ለጠበበበት ካራቫን ጀሪካኑ የተሻለ ነው፤ የመኪናው የራሱ ልክ ግን ይታይ።

የተለመደው የካሴት መጸዳጃ በጎን በር የሚወጣው ማጠራቀሚያው (ካሴቱ) 18 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ፣ አራት ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይሞላዋል። ሽንትን ለብቻ የሚለየው መጸዳጃ ውሃና ኬሚካል አይፈልግም፤ ደረቁ ክፍልም ብዙ ቀን ይቆያል፤ የሽንት መያዣው ግን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መውጣት አለበት፤ ትናንሽ ልጆችም በትክክል መቀመጥ እስኪለምዱ ይቸገራሉ። ትርፍ ካሴት መግዛት ከሁሉም ርካሹና ቀላሉ መፍትሔ ሆኖ ሳለ ብዙም አይታሰብም።

ከሥር ያለው

ለጠጠር መንገድ ባሌስትራ ያለው ቀጥ ያለ አክስል ጠንካራና በቀላሉ የሚጠገን ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት ባለ ሞላና ሾክ ግን ካራቫኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ ያነሰ ያናውጣል፤ ዋጋውም ክብደቱም ይበልጣል። ካራቫኑን ከፍ ማድረግ ለድንጋያማ መንገድ ቢረዳም የክብደቱን ማዕከል ወደ ላይ ስለሚወስደው በነፋስና በኩርባ ላይ መረጋጋቱን ይቀንሳል። ባትሪና ታንከር ከኋላ ጫፍ ላይ ማከል ካራቫኑ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ እንዲወዛወዝ ያደርጋል። በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚያርፈው ጫና በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ፣ በአውስትራሊያ ወደ 10 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ካራቫኑ ውሃና ጋዝ ሞልቶ፣ የቤተሰቡ ዕቃ እንዳለ ተጭኖ ይመዘን። ጠንካራ ባሌስትራ መግጠም ብቻውን በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የተፈቀደ ክብደት አይጨምርም፤ ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ጎማውና ሻንሲው በባለሙያ ተረጋግጠው ሰሌዳው ካልተቀየረ በስተቀር የቀድሞው ቁጥር እንደጸና ይቆያል።