አንድ ሶኬት ወይስ ሁለት? ለድረ ገጽ መተግበሪያ ሰርቨር ሲመረጥ

ሰርቨር ልትገዙ ስትነሱ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም ባለ ሁለት ሶኬቱን ያስቀድማል (ሶኬት ፕሮሰሰሩ የሚገባበት ቦታ ነው)። ድሮ ልክ ነበር፤ አንድ ፕሮሰሰር የሚይዘው ኮር (ራሱን ችሎ ሥራ የሚሠራ ክፍል) ጥቂት ስለነበር ሌላ መጨመር ግድ ይል ነበር። ኤኤምዲ በ2019 እ.ኤ.አ. ኢፒክ የተባለውን የሰርቨር ፕሮሰሰር ባለ 64 ኮር አድርጎ ካወጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተቀይሯል።

የሁለት ሶኬት ጣጣው ራም ላይ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ራም አለው፤ የሚፈልገው ዳታ በጎረቤቱ በኩል ከተቀመጠ መሃል ያለውን ማገናኛ አቋርጦ ማምጣት አለበት፣ ይዘገያል። ኑማ የሚሉት ይህን ነው። በፒኤችፒ ወይም በኖድ የተሠራ ድረ ገጽ በብዙ ትንንሽ ፕሮሰሶች ለሚያሠራ ሰው ብዙም አያሳስብም። የሚሰማው እንደ ፖስትግሬስ ያለ፣ ሰፊ የጋራ ሚሞሪ የሚይዝ ዳታቤዝ ላይ ነው።

በእርግጥ ሁለት ሶኬት የሚሞሪ ቻናሉን (ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚገናኝበትን መስመር) እጥፍ ያደርጋል፤ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ ራሱን እንደ ቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ) ለሚጭን ይጠቅማል። «አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል» የሚባለውን ግን አትመኑ፤ ሥራ ላይ እያለ አንዱ ፕሮሰሰር ከከዳ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ በሙሉ ይቆማል።

እኔ ብሆን በዚያው ገንዘብ ሁለት ባለ አንድ ሶኬት ሰርቨሮች ገዝቼ ፊታቸው ሎድ ባላንሰር (ሥራውን ለሁለቱ የሚያከፋፍል) አቆማለሁ። አንዱ ሲጠገን ሌላው ያገለግላል፤ ዳታቤዙን ግን ለብቻው ማባዛት (ቅጂውን በሌላኛውም ላይ ማኖር) ያስፈልጋል፣ እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ደግሞ አሁን ያላችሁን ማሽን መጀመሪያ ለኩ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩ ከሆነ የሚያንቀው፣ ብሩን ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ አውሉት።