የለውዝ ቅቤ፦ ከሱቅ ወይስ ከምጣድ?

ደሴ ፒያሳ ከሱቅ የሚገዛው የታሸገ የለውዝ ቅቤ ለቸኮለ ሰው ይመቻል፤ ዳቦ ላይ ወዲያው ይቀባል፣ ዘይቱም አይንሳፈፍም። የማይንሳፈፈው ግን ብዙውን ጊዜ የሚረጋ የአትክልት ዘይት ስለተጨመረበት ነው፤ ስኳርም አያጣውም። ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። ለውዝና ጨው ብቻ የሚል ካገኛችሁ ሳታመነቱ ግዙት።

እኔ የምመርጠው ቤት የሚሠራውን ነው። ለውዙ በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ይታመስና ገለፈቱ በእጅ ታሽቶ በሰፌድ ይበጠራል። ብሌንደር ውስጥ መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፤ ቀጥሎ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ አልፈጭም ይላል። ብዙዎች ዘይት የሚጨምሩት እዚህ ላይ ነው። አትቸኩሉ! ከለውዝ ክብደት ግማሽ ያህሉ ራሱ ቅባት ነው። መፍጫውን እያሳረፋችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትታገሡ፣ ድንገት ማብረቅረቅ ይጀምርና እንደ ማር ይፈስሳል። ያን ጊዜ ሽታው ቤቱን ያውደዋል።

ከመቁላታችሁ በፊት ግን የሻገተውን፣ የጠቆረውንና የተጨማደደውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቅማችሁ ጣሉ። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ በመቆላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለልጆቻችን የምናበላው ስለሆነ በዚህ ላይ መሳሳት አይገባም።

ሞቃት በሆነው ኮምቦልቻ የቤቱ ቅቤ ዘይት ቶሎ ይንሳፈፋል፤ ማማሰል ነው፣ ፍሪጅ ካለም እዚያ ማኖር። በብርዳማው ደሴ ይህ ችግር ያን ያህል አያስቸግርም። ሰሊጥም በዚሁ መንገድ ይፈጫል፤ እንዳይመር ግን ከለውዙ ያነሰ ይታመስ።