«በ30 ቀን 10 ኪሎ» ለሚል የኪክቦክሲንግ ፓኬጅ የ3 ወር ብር አትክፈሉ

ወገኖች፣ ጎንደር ውስጥ ኪክቦክሲንግ ለመጀመር ያሰባችሁ ሁሉ ብራችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ማስታወቂያው ከአንዱ ማሠልጠኛ ቤት ወደ ሌላው መልኩ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ በ30 ቀን 10 ኪሎ ትቀንሳላችሁ፣ የ3 ወሩን አንድ ላይ ለሚከፍል ቅናሽ አለ፣ ጓንት በነጻ ይሰጣል፣ ዕድሉ ዛሬ ማታ ያበቃል። አንዱም ለእናንተ ተብሎ የተቀመጠ አይደለም።

ስፖርቱን ግን አትጥሉት። በደንብ ለሚያስተምር ሰው ከተሰጠ ልብን፣ ወገብንና እግርን ባንድ ጊዜ የሚያሠራ፣ ሰውም ሳይሰለቸው የሚቆይበት እንቅስቃሴ ነው። የሚያስቆጣውም ይኸው ነው፤ በመጥፎ ፓኬጅ የገባ ሰው ከስፖርቱ ራሱ ተጣልቶ ይወጣል።

ከኪሎው እንጀምር። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎካሎሪ ይይዛል። 10 ኪሎ 77,000 ነው፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በየቀኑ ከምትበሉት 2,500 አስበልጣችሁ ማቃጠል አለባችሁ ማለት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ በርትቶ ቢመታና ቢራገጥ የሚያቃጥለው ከ600 እስከ 700 ገደማ ነው። ዕረፍቱና አሰልጣኙ የሚያስረዳበት ጊዜ ሲቀነስ 500 ብንል ብዙ ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በወር 12 ጊዜ ብትሄዱ 6,000 ይሆናል። አንድ ኪሎ አልሞላም! የቀረው የሚመጣው ከገበታ ነው፤ ምግቡን አስተካክሎ በወር 2 ወይም 3 ኪሎ የቀነሰ ሰው እሰየው የሚባል ነው።

ታዲያ ማስታወቂያው ፎቶ ላይ 10 ኪሎ ቀነሱ የተባሉት ከየት መጡ? ሚዛኑን ማጭበርበር ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቀን ማታ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ከነጫማ ይለካል፤ የመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ ላብ ከወጣ በኋላ። በዚህ ላይ ሆድን በፌስታል መጠቅለል ይጨመርበታል። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ነው፤ ውኃ ስትጠጡ ያው ኪሎ ይመለሳል። ፌስታሉ ስብ አያቀልጥም፤ ላቡ ተንኖ ገላችሁን እንዳያቀዘቅዝ ይከለክላል፣ ሙቀቱም ውስጥ ይታፈናል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ከቆላ፣ ከመተማ ወይም ከሁመራ በቅርቡ የመጣ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት በግማሽ ጉልበት ቢሠራ ይሻለዋል። ፌስታል ጠቅልሉ የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አንሡና ውጡ።

ወደ «ነጻው» ጓንት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ለተንጠለጠለው መምቻ ከረጢትና አሰልጣኙ በእጁ ለሚይዘው መምቻ ትራስ (ፓድ) ሥራ ለአብዛኛው ሰው 12 ወይም 14 ኦውንስ ይበቃል፤ እርስ በርስ ለመለማመድ 16። ኦውንሱ ክብደት ነው፣ የሚነገረውም ለአንዱ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ 12 ተብሎ የተጻፈበት አንዱ ጓንት ወደ 340 ግራም፣ 14ቱ ወደ 400፣ 16ቱ ወደ 450 ሊመዝን ይገባል። ቅመም ቤት ወስዳችሁ ዲጂታል ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ደቂቃ አይፈጅም። 12 ብሎ 220 ግራም የሚመዝን ጓንት ውስጡ ስፖንጅ ቁርጥራጭ ነው። ሚዛን ከሌለ እጃችሁን አስገቡና ጨብጡ፣ በሌላው እጅ አውራ ጣት ከላይ መሐል ጣታችሁ አንጓ ላይ ጫን በሉ። የራሳችሁ አጥንት ከተሰማችሁ ከረጢቱም ይሰማዋል። አውራ ጣቱ ከጓንቱ አካል ጋር በስፌት ያልተያያዘ ከሆነም ተዉት፤ ሁክ (ከጎን የሚመጣውን ቡጢ) ስትመቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል።

በእንዲህ ያለ ጓንት የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በትንሿ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ አጥንት ነው። ጀማሪ ሰው ሲደክመው ቡጢው ወደ ውጪ ይዞርና በትንሿ ጣት አንጓ ያርፋል። ማረፍ ያለበት በጠቋሚና በመሐል ጣት አንጓ፣ የእጅ አንጓው ከክንድ ጋር ቀጥ ብሎ ነው። ይህን የሚይዘው ፋሻው ነው። 4.5 ሜትር የሆነውን ግዙ፦ አውራ ጣት ላይ ማንጠልጠል፣ አንጓውን 3 ዙር፣ መዳፉን 3 ዙር፣ በየጣቶቹ መካከል አሳልፎ ማቆላለፍ፣ አውራ ጣትን አንድ ዙር፣ በተረፈው አንጓ ላይ መጨረስ። ፋርማሲ የሚሸጠው የቁስል ፋሻ ቀጭን ነው፣ ይላላል፣ አይተካውም። የቤቱን የጋራ ጓንት በባዶ እጅ መልበስ ደግሞ ጭርት ያስይዛል።

ከረጢቱን ከታች በመዳፋችሁ ምቱት። አሸዋ የተሞላ ከሆነ አሸዋው ወርዶ ታቹ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፤ ቅልጥማችሁ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። እርጥበት የጠጣ ሰጋቱራም ከዚያ አይሻልም። ጥሩው በብጣሽ ጨርቅ የተሞላ፣ ክብደቱ የእናንተን ግማሽ የሚያህል ነው። «ቅልጥም ይጠንክር» ብሎ በዱላ ወይም በጠርሙስ የሚያስደበድብ ቤት ለአካል ብቃት ለመጣ ሰው የሚሆን አይደለም።

ወለሉ ከሁሉም በላይ ነው። በእግር ዞሮ ሲመታ፣ መሬት ላይ የቀረው እግር ከጣቶቹ ሥር ባለው ሥጋ ላይ ተነሥቶ መዞር አለበት፣ ተረከዙ ወደሚመታው ነገር እስኪያመለክት ድረስ። እግሩ ካልዞረ ሰውነት ይዞራል፣ ጥምዘዛው ሁሉ ጉልበት ላይ ያርፋል፣ ጅማት ይቆረጣል። ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ስስ ምንጣፍ እግርን ይይዛል፤ ሴራሚክ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል። የተጋጠመ የላስቲክ ምንጣፍ ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ፦ አሰልጣኙ ጀማሪው ምን ያህል በኃይል እንደመታ ነው የሚያየው ወይስ የቆመበትን ተረከዝ? ጥሩ አሰልጣኝ የሚለየው እዚህ ነው። 30 ሰው አሰልፎ ስልኩን የሚነካካ ካያችሁ ነገሩ አልቋል፤ ለጀማሪ ከ12 እስከ 15 ሰው ለአንድ አሰልጣኝ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ለአካል ብቃት የመጣ ሰው ጭንቅላቱን የመመታት ግዴታ የለበትም። በሁለተኛው ሳምንት «ግቡና ተጋጠሙ» ከተባላችሁ እምቢ በሉ፤ ቢያንስ 3 ወር የእግርና የእጅ መሠረት ሳትይዙ፣ የጥርስ መከላከያ ሳይኖራችሁ አትግቡ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራስ ምታት፣ ማስታወክ ወይም መፍዘዝ የመጣበት ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።

አሁን ወደ ብሩ። የ3 ወር ፓኬጅ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ነው፣ ቀርታችሁም ይቆጠራል። ጎንደር ላይ ይህ የባሰ ነው። ጥምቀት ሲደርስ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ሰው ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳል፣ በዚያ ሳምንት ልምምድ የሚያስታውስ የለም። «ከጥምቀት በኋላ» ብሎ የሚመጣውን ቅናሽ ደግሞ ዐቢይ ጾም ይበላዋል፤ እንደ ዓመቱ ከየካቲት መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይገባል፣ 55 ቀን ነው። ከ90 ቀኑ 55ቱ! እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ አይሆናችሁም፤ በልታችሁ 2 ሰዓት ያህል ከቆያችሁ በኋላ፣ ወደ ማታ 12 ሰዓት ገደማ የሚሰጥ መኖሩን ጠይቁ። ረመዳን ለሚጾሙም ሰዓቱ እንዲሁ ይጠየቅ።

ስለዚህ በክፍለ ጊዜ ቁጥር የሚያስከፍል ቤት ፈልጉ። እንበል 3 ወሩ 6,000 ብር ነው፣ 36 ክፍለ ጊዜ ተብሏል፤ ለአንዱ 167 ብር ገደማ ይመጣል። 15 ጊዜ ብቻ ከሄዳችሁ ግን አንዱን በ400 ብር ገዛችሁ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ወር ብቻ ክፈሉ። የመመዝገቢያ፣ የመታወቂያ፣ የቀበቶ ፈተና የሚባል ነገር ካለ ከፊቱ ይነገራችሁ፤ ለአካል ብቃት ቀበቶ ምን ይሠራል? ከታመማችሁ ቀኑ ይቆማል ወይ፣ ለሌላ ሰው ይተላለፋል ወይ፣ አሰልጣኙ ቢለቅ ምን ይሆናል፣ ሦስቱንም በጽሑፍ ያዙ።

በአሰልጣኙ የግል ቁጥር ቴሌብር አትላኩ። በድርጅቱ ስም ላኩ የሚሏችሁ ቁጥር ከሌለ፣ ደረሰኝም ካልሰጡ፣ ኋላ የምትይዙት ነገር የለም። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ወይም አገልግሎትም በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ቆጠራው ከገዛችሁበት ቀን ነው፤ «እስኪ ወሩን ልጨርስ» ስትሉ ያልፋችኋል። መጀመሪያ ለቤቱ በጽሑፍ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ። ማመልከቻው ላይ ቀኑን፣ የብሩን ልክና ቃል የተገባላችሁን ነገር አስፍሩ፣ ደረሰኙን አያይዙ። የማስታወቂያውን ስክሪንሾት ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት አንሡት፤ ጥያቄ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠፋው ፖስቱ ነው።