በካምፓኒ ታርጋ፣ በራስ ታርጋ ወይስ በራስ ኤምሲ? ለባለ አንድ ትራክ የአሜሪካ ፈቃዶች ንጽጽር

አሜሪካ ውስጥ ትራክ ሊገዛ የተነሳ ሰው ካምፓኒዎችን ሲያወዳድር መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ፐርሰንት ትቆርጣላችሁ?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከሱ በፊት ሌላ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ታርጋው የሚወጣው በማን ስም ነው? ፐርሰንቱ ጥሩ ሆኖ ታርጋውም የማይል መዝገቡም በካምፓኒው እጅ ከሆነ፣ ልትለቁ ያሰባችሁ ቀን መኪናችሁ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

ከስቴት ስቴት ለሚጭን ባለ ትራክ ምርጫው ሦስት ነው። በካምፓኒው ኤምሲ (ከስቴት ስቴት በክፍያ ለመጫን የሚያስፈልገው የፌደራል ፈቃድ) እና በካምፓኒው ታርጋ መሥራት አለ። በካምፓኒው ኤምሲ ሆኖ ታርጋውን በራስ ስም ማውጣት አለ። ሁሉንም በራስ ስም አድርጎ የራስን ኤምሲ መክፈትም አለ። ከማወዳደራችን በፊት ሁለት ወረቀቶችን እንወቅ። ልዩነቱን የሚፈጥሩት እነሱ ናቸው።

አይአርፒ የሚባለው ታርጋ

ከ26,000 ፓውንድ በላይ የሆነ፣ ወይም ሦስትና ከዚያ በላይ አክስል ያለው የጭነት መኪና ስቴት ተሻግሮ የሚሠራ ከሆነ ይህ ታርጋ ያስፈልገዋል። 48ቱ ስቴቶች፣ ዋሽንግተን ዲሲ እና 10 የካናዳ ፕሮቪንሶች አባል ናቸው። ገንዘቡን የምትከፍሉት ለራሳችሁ ስቴት ነው። እሱ በየስቴቱ በነዳችሁት ማይል ልክ ለሌሎቹ ያካፍላል። ከ2015 ጀምሮ ታርጋው በሁሉም አባል ስቴቶች ያስነዳል፤ የምትሄዱበትን እየመረጡ ማስመዝገብ ቀርቷል።

የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ የሚሰላው በአማካይ ግምት ነው፤ ገና የነዳችሁት ማይል የለማ። ለ80,000 ፓውንድ መኪና ቢያንስ 2,000 ዶላር አካባቢ ይዛችሁ ተነሱ። በዚያ ላይ ለአይአርኤስ (ለፌደራሉ ግብር ሰብሳቢ) በቅጽ 2290 የሚከፈል ታክስ አለ። ከ75,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ መኪና በዓመት 550 ዶላር ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው ከጁላይ እስከ ጁን ነው። ማህተም ያረፈበትን የክፍያ ወረቀት ሳታሳዩ ታርጋ አይሰጣችሁም። መኪናውን ከገዛችሁ 60 ቀን ካልሞላ ግን የሽያጭ ውሉ ይበቃል።

ኢፍታ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

ኢፍታ የነዳጅ ታክስ ሂሳብ ነው። ታክሱ የሚሄደው ነዳጁ ለተቃጠለበት ስቴት እንጂ ለተቀዳበት አይደለም። በሦስት ወር 30,000 ማይል ነድታችሁ 5,000 ጋሎን ቀዳችሁ እንበል። መኪናችሁ በጋሎን 6 ማይል ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ 6,000 ማይሉ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከሆነ እዚያ 1,000 ጋሎን አቃጥላችኋል። እዚያው የቀዳችሁት 400 ብቻ ከሆነ፣ የ600 ጋሎን ታክስ ለፔንሲልቬንያ አለባችሁ። ብዙ በቀዳችሁበትና ትንሽ በነዳችሁበት ስቴት ደግሞ ተመላሽ አላችሁ። ሁለቱ ተቻችለው ልዩነቱን ትከፍላላችሁ ወይም ትቀበላላችሁ።

ስለዚህ ማደያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ እውነተኛ ዋጋ አይደለም። አንድ ስቴት ዲዝሉ የረከሰው ታክሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ ከሆነ ያተረፋችሁት የለም፤ ሂሳቡ በኋላ ይመጣባችኋል። ማወዳደር ያለባችሁ ታክሱ ተቀንሶ የሚቀረውን ዋጋ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ የያዘ ሾፌር በዓመት የሚያተርፈው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ማመልከቻው በየሦስት ወሩ ነው። የመጨረሻ ቀኖቹ ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31 እና ጃንዋሪ 31 ናቸው። መኪናው ቆሞ ቢከርምም ዜሮ ብላችሁ ማስገባት አለባችሁ። ካረፈዳችሁ 50 ዶላር ወይም ካለባችሁ ታክስ 10 ፐርሰንት፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ትቀጣላችሁ።

አንደኛው መንገድ፦ ሁሉም በካምፓኒው ስም

ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። ለመነሻ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካምፓኒው ታርጋውን ያወጣል፣ ኢንሹራንሱን ይሸፍናል፣ ኢፍታውን ይሠራል፣ ከሳምንት ክፍያችሁ ላይ ይቆርጣል። ቁጠባውን በሙሉ ለትራኩ ቅድመ ክፍያ ለጨረሰ ሰው ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል ያለው አማራጭ።

ችግሩ ያለው መውጫው ላይ ነው። የታርጋውን ገንዘብ ከፍላችሁ ስትጨርሱም ታርጋው የካምፓኒው ነው። የፌደራሉ የሊዝ ደንብ ግን መብት ይሰጣችኋል፤ ብዙ የኛ ሰው ስለማያውቀው ይታለፋል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ታርጋውን፣ ፈቃዱንና የነዳጅ ታክሱን ማን እንደሚከፍል በግልጽ መጻፍ አለበት። በእናንተ ገንዘብ የተገዛውን ታርጋ ካምፓኒው መልሶ ገንዘቡን ከተቀበለበት ወይም ለሌላ ባለ መኪና ካስተላለፈው፣ ድርሻችሁን ሊመልስላችሁ ይገባል። በመያዣነት የቆረጠውንም ተቀናሹን ዘርዝሮ ውሉ በፈረሰ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የጭነት ወረቀት ባስረከባችሁ በ15 ቀን ውስጥ መከፈልም መብታችሁ ነው። ውሉ እንግሊዝኛ ነው ብላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ቤተሰብ ውስጥ የሚያነብላችሁ ፈልጉ፤ ካልሆነም ከፍላችሁ አስነብቡ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ኤምሲው የካምፓኒው፣ ታርጋው የራስ

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከባዱ ወጪ ኢንሹራንሱ ነው፤ እሱን ካምፓኒው ይዞላችኋል። ታርጋው ግን በስማችሁ ስለሆነ ካምፓኒ ብትቀይሩ መኪናው ላይ ይቆያል። የሚቀየረው በመዝገቡ ላይ ያለው የካምፓኒው ዶት ቁጥር (የፌደራል መለያው) ነው። በዚህ ላይ የማይል ታሪካችሁ በራሳችሁ ስም ይጠራቀማል። የራሳችሁን ኤምሲ ስትከፍቱ ከዜሮ አትጀምሩም።

በምላሹ መዝገብ የመያዝ ኃላፊነት አለባችሁ። ኢፍታው በማን ስም እንደሚሠራ በውሉ ላይ አስጽፉ። በስማችሁ ከሆነ የነዳጅ ደረሰኝና የየጉዞውን ማይል 4 ዓመት አስቀምጡ። የአይአርፒም ኦዲት አለ። ካምፓኒውን ከለቀቃችሁ በኋላ የኢኤልዲው (የመንዳት ሰዓትን የሚመዘግበው መሣሪያ) መግቢያ ሊዘጋባችሁ ስለሚችል የማይል ሪፖርቱን በየወሩ ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩት።

የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሆናችሁ፣ ሠራተኛን እንደ ገለልተኛ ተቋራጭ መያዝን የሚገድበው ኤቢ 5 የተባለው የስቴቱ ሕግ እነዚህን ሁለት መንገዶች እጅግ አጥብቧቸዋል። እዚያ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ይገፋል።

ሦስተኛው መንገድ፦ የራስ ኤምሲ

ወረቀቱ ሰው እንደሚያወራው ውድ አይደለም። የዶት ቁጥር ነጻ ነው። የኤምሲ ማመልከቻ 300 ዶላር ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። በየስቴቱ የሕግ ወኪል የሚሾምበት ቢኦሲ-3 አለ። ዩሲአር የሚባለው ዓመታዊ ክፍያ እስከ ሁለት መኪና ላለው በ2025 46 ዶላር ነበር። የአልኮልና የዕፅ ምርመራ ማኅበር ውስጥም መግባት ግዴታ ነው፤ ብቻውን የሚነዳ ሰው ራሱን መመርመር አይችልም።

ዋናው ወጪ ኢንሹራንስ ነው። ለተራ ጭነት ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን 750,000 ዶላር ነው። ብሮከሮች (ጭነት አገናኞቹ) ግን 1 ሚሊዮን፣ ለጭነቱም 100,000 ካላዩ አይጭኑላችሁም። ለአዲስ ኤምሲ ዓመታዊው ክፍያ ከ10,000 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው። ብዙ ብሮከሮችም አዲስ ኤምሲ ስለሚሸሹ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሎድ ማግኘት ያስቸግራል። የመጀመሪያዎቹን 18 ወራት ኤፍኤምሲኤስኤ (የጭነት መኪና ሥራን የሚቆጣጠረው የፌደራል መሥሪያ ቤት) በክትትል ያያችኋል፤ የሴፍቲ ኦዲትም ይመጣል። የጥቂት ወር ወጪ ባንክ ውስጥ ከሌለ አትቸኩሉ።

ማመልከቻው በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ስልክና ደብዳቤ ይጎርፋል። የመንግሥት መስለው "ዶታችሁ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ያህል ክፈሉ" የሚሉ አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት በራሱ በኤፍኤምሲኤስኤ ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ራስ መሥራት ወይስ በባለሙያ?

ለአንድ መኪና ዶት፣ ዩሲአር እና 2290 በራሳችሁ ይሠራሉ። የመጀመሪያውን አይአርፒ እና ኢፍታ በሰው ማሠራት ገንዘቡ አይቆጭም። አካውንቱ በእናንተ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይከፈት እንጂ። "በሌላ ስቴት አድራሻ ርካሽ ታርጋ እናወጣላችኋለን" የሚል ካጋጠማችሁ ተነሱና ሂዱ። አይአርፒ የሚወጣው በእውነት በምትኖሩበት ወይም ንግዳችሁ ባለበት ስቴት ነው።

የትሪፕ ፐርሚትን ከእነዚህ ጋር አታወዳድሩት። መኪና ገዝቶ ወደ ቤት ለማምጣት ወይም ታርጋ እስኪመጣ ለአንድ መንገድ ጥሩ ነው። የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ የነዳጁ ፐርሚትም ለብቻው ነው። ኤምሲንና ኢንሹራንስን አይተካም።

መንገዳችሁን እዩ

የትኛውንም ብትመርጡ አንዳንድ ስቴቶች ከአይአርፒ እና ከኢፍታ ውጭ የራሳቸው ሂሳብ አላቸው። ኒው ዮርክ፣ ኬንታኪ፣ ኒው ሜክሲኮ እና ኦሪገን ከባድ መኪናን በማይል ያስከፍላሉ። ኮነቲከት በ2023 ተቀላቅላቸዋለች። በካምፓኒ ስም ስትሠሩ ይህን ካምፓኒው ይይዘዋል፤ በራሳችሁ ኤምሲ ግን በየስቴቱ አካውንት መክፈት የእናንተ ሥራ ነው።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ2010 ሞዴል በታች የሆነ የዲዝል ሞተር በመንገዷ ላይ አትፈልግም። ከሌላ ስቴት የሚገባ መኪናም ክሊን ትራክ ቼክ በሚባለው የስቴቱ የጭስ ቁጥጥር መመዝገብና መመርመር አለበት። ሲያትል ሆናችሁ ወደ ደቡብ ለመውረድ ካሰባችሁ ኦሪገንም ካሊፎርኒያም መንገዳችሁ ላይ ናቸው። ሻጩ የሚነግራችሁ የመኪናውን ዓመት ነው፤ የሞተሩ ከሱ ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሳታነቡ ቀብድ አትክፈሉ።